አንድ በር ብቻ ያለው ባቡር ጣቢያ

ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጎጃም ሐዲድ የለውም፤ እኔም ከዓባይ ድልድይ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም። ይህን እያወቅሁ ነው ባቡር ጣቢያ እሠራለሁ ብዬ አፌን የከፈትሁት።

ያዘዙኝ ሞጣ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ኋላ ቢቸና በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ጺሜ ሸብቷል። ሌላው ሲስቅብኝ እሳቸው አልሳቁም። አሁን ዓይናቸው እየጠፋ ነው።

"ሳይጨልምብኝ ያችን ጣቢያ ልያት፤ ትንሽ አድርገህ ሥራልኝ" አሉኝ በስልክ። የነገሩኝን ሁሉ ጻፍሁ።

ከምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት የተረፈ ኮምፔንሳቶ ወለል ሆነ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ግድግዳ። የካርቶኑ የላይ ልጥ ሲገፈፍ ውስጡ የተሸነሸነ ነው፤ ቀለም ሲቀቡት ቁርጥ የጣሪያ ቆርቆሮ ይመስላል። ለመስኮት ያረጀ የራጅ ፕላስቲክ በበረኪና አጠብሁ። ኮላው እስኪደርቅ እንኳ ልቤ አያርፍም፤ ባልደርስስ?

ወደ ሞጣ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቀፍሁት። መኪናው በነጠረ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

"የንብ ቀፎ ነው?" አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

"ባቡር ጣቢያ።"

"ባቡሩስ?"

"የለም።"

"እንደኛ መናኸሪያ ነዋ! ጣቢያው አለ፣ መኪናው የለም!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምን ያስቀኛል? ለጋሼ ብደውል አያነሱም።

ስደርስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣቢያውን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፤ ከዚያ በጣታቸው ዳሰሱት። የኋላው ግድግዳ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"አንተ፣ ሰዉ ወደ ባቡሩ በየት ይውጣ?"

ክው አልሁ። እንደ ቤታችን አንድ በር፣ ወደ መንገዱ ብቻ ነው ያበጀሁለት። በሐዲዱ በኩል ድፍን ነው።

"አልነገሩኝማ!"

"ይህም ይነገራል? በግድግዳ የሚያልፍ ትኬት ሸጬ አላውቅም።"

"ቢቸና ወስጄ አስተካክዬ ልመለስ።"

"ስትመለስ ላየው ነው?"

 ከኪሴ ምላጭ አውጥቼ እዚያው በኋላው ግድግዳ በር ቆረጥሁ። ያለ ማስመሪያ፣ በግምት።

ጣቢያውን ወደ ፀሐይ አነሡት። ብርሃኑ ባንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ። አዩት፤ እኔ ፊታቸውን አያለሁ።

"ጠሟል" አሉ። "የአዲሱ በር ቀኝ ጎን።"

ሥራዬን ጠመመ ያለኝን ሰው አልምርም። ያን ቀን ግን ጥመቱን በዓይናቸው ስላዩ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ደግሞም ቀኝ ጎኑ ጠሟል።