የፈላው ቤንዚን

ነዳጅ ማደያ ቆሜ የቤንዚን ሽታ ሲመታኝ ያ የሐምሌ ቀትር ይመጣብኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። እማዬን ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ስንበር፣ የአባዬ አሮጌ መኪና፣ ሐምሌ እንደ እሳት በሚያቃጥልበት በስደት ከተማችን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር አትነሳም። ስልኩን በጥድፊያ ቤት ረስተነዋል። ከኋላችን ጡሩምባው ቀለጠ።

አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ። ድሮ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበርና ወዲያው ገባው።

"ቤንዚኑ በሙቀት ፈልቷል። ፓምፑ ካልቀዘቀዘ ስታርት አታደርግም። ውሃ አምጡ!"

ቤንዚን እንደ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ግራ ገባኝ። መኪናዋ ውስጥ የነበረው ውሃ ደግሞ እማዬ ለምጧ ብላ ታቅፋው የመጣችው የማርያም ጠበል ብቻ ነው። አባዬ ጠርሙሱን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

"ኧረ ይሄስ ድፍረት ነው።"

"ድፍረቱስ አስፋልት ላይ መውለዴ ነው! አፍስስበት!" ብላ ጮኸች።

አማተበና ነጠላዋን በጠበሉ ነክሮ ፓምፑ ላይ ጠመጠመው። እማዬ ሁለቴ እስክታምጥ ጠበቅን። ሦስተኛው ሲጀምራት ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች።

ወንድሜ ሆስፒታል ደርሶ ተወለደ። እኔ ግን ዛሬም ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላዘው ያማትባል።