የጋዝ ዕጣ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ሮም በገባሁ በሁለተኛው የብርድ ወራት ነው። ሰው ስለ ስደት ሲጽፍ ስለ ናፍቆት ይጽፋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ጋዝ ነው። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጀምር እስከ ዛሬ ሌሊት እየተነሣሁ ማሞቂያውን እዳስሳለሁ። ምክንያቱን ለማንም በቅጡ አስረድቼ ስለማላውቅ እስቲ ልጻፈው ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዘመቻ ተዘግቶ ሲከፈት ተመልሼ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። በተማርኩት ሙያ ግን ብዙ አልሠራሁም። አገሬን የለቀቅሁበትን ምክንያት እዚህ አልጽፈውም፤ ልመለስ ብል የማልችል መሆኔ ብቻ ይታወቅልኝ። ሮም ውስጥ ለአንዲት ሐበሻ ሴት የሚገኘው ሥራ አንድ ነው። እኔም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወይራ በበዛበት ኮረብታ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሲኞራ ኤልቪራ የሚባሉ አሮጊት ዘንድ ተቀጠርኩ። ማደሪያዬም እዚያው ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሁላችንም ፔርሜሶ የምንለው፣ የተሰጠኝ በእሳቸው ቤት ሠራተኛነት ስለሆነ ሥራው ከቀረ እሱም ይቀራል።

ቤቱ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። የሚሞቀው በጋዝ ነው። ጋዝ ስል በፋኖስ የምናነደውን ላምባ ማለቴ አይደለም። እንደ ቡታጋዝ ያለ ነው፤ ግን በሲሊንደር አይመጣም። ቦቴ መኪና አምጥቶ ግቢ ውስጥ በተተከለ ትልቅ ነጭ ታንከር ይሞላዋል። ምድጃውም፣ የገላ መታጠቢያው ውሃም፣ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ያሉት የማሞቂያ ብረቶችም የሚሠሩት በሱ ነው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል የሲኞራ ልጅ ሲኞር ፓኦሎ ከሮም መጣና ወጥ ቤት ድረስ ገባ።

«ሰብለ፣ በዚህ የጋዝ ዋጋ ይህን ቤት ዘንድሮ ማሞቅ አልችልም» አለኝ። «በርካሽ የሚያቀርብ ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ ቤቱን ዘግቼ እናቴን መነኮሳቱ ጋ፣ የአረጋውያን ቤት አስገባለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ጠያይቂ።»

እሱ ይህን ብሎ ኮቱን ደርቦ ወጣ። እኔ የያዝኩትን ሳህን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እኔ ስልክ የምፈራ ሰው ነኝ። በአማርኛም እፈራለሁ። ሲኞራ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ፣ የምለውን አስቀድሜ በወረቀት ጽፌ፣ ከስልክ ማውጫው የጋዝ አከፋፋዮችን እየፈለግሁ መደወል ጀመርኩ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ታንከሩ የማነው? እኔ የሲኞራ ይመስለኝ ነበር። ለካ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ በውሰት ነው የተቀመጠው። ከአንዱ በተዋስነው ጋን ሌላ ሰው መጥቶ ጠላ እንደማይጠምቅ፣ በዚያ ታንከር ሌላ ድርጅት ጋዝ አይሞላም። አቅራቢ ለመለወጥ ውሉ መፍረስ፣ አሮጌው ታንከር መነሣት፣ አዲስ መተከል አለበት። ለአንድ ቤት ይህን ሁሉ የሚደክም አላገኘሁም።

በመጨረሻ ሲኞር ናንዶ የሚባል፣ አንድ ቦቴ ብቻ ያለው ነጋዴ ስልኩን አነሣ። ድምፁ ሻካራ ነው። የጻፍኩትን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም።

«ስሚኝ ሲኞሪና፣ ለአንድ ቤት ብዬ መኪናዬን እዚያ ዳገት ላይ አልገድልም። በዚያው መንገድ አምስት ስድስት ቤት ካመጣሽልኝ ግን ዋጋውን እሰብርልሻለሁ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁ። አምስት ስድስት ቤት ከየት እንደማመጣ አላውቅም ነበር።

ለቤት ሠራተኛ ሐሙስና እሑድ ከምሳ በኋላ የራሷ ናቸው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ተገናኝተን፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የሚባለው አደባባይ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ስናወራ ውለን፣ ሲመሽ ወደየቤታችን እንበተናለን። በዚያ ሐሙስ አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ እንደ ወትሮዬ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሐበሾቹ በየቪላው በር አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አንዷ፣ ሌላዋ፣ ደግሞ ሌላዋ። ከእኔ ጋር ስድስት ነን። ስድስት ቤት፣ በአንድ መንገድ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አደባባዩ ላይ ነገሩን የነገርኩት ለእትዬ ለተብርሃን ብቻ ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ። እትዬ ለተ አሥመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ሴት ናቸው። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ባለው ቪላ ምግብ ያበስላሉ፤ እሑድ እንግዳ ስለማይጠፋ ዕረፍታቸው ሐሙስ ብቻ ነው። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ሴቶቹ ዞሩና «እስቲ ዝም በሉ፣ ሰብለ የምትለው አላት» አሉ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ስለዚህ እሳቸው ራሳቸው አወሩላቸው።

ጽጌ የምትባል ጨዋታ የማይጠፋባት የአዲስ አበባ ልጅ አለች።

«ይኸውላችሁ» አለች። «ከቀበሌ ስብሰባ አምልጬ ሮም ብገባ ቀበሌው ተከትሎኝ መጣ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃለ ጉባኤ ልያዝ?»

ሁሉም ሳቁ። ግን እያንዳንዳቸው ለየሲኞራቸው ነገሩ። በአጥር አሻግረው ሰላም የማይባባሉት ሲኞራዎች በእኛ አፍ ተስማሙ። ሲኞር ፓኦሎ ደስ ብሎት በማግሥቱ የአሮጌውን ድርጅት ውል አፈረሰ። ድርጅቱም ከእንግዲህ ወዲያ ለዚህ ቤት አንሞላም፣ ታንከራችንን ለማንሣት ዝግጁ ስትሆኑ ንገሩን አለ። በውስጡ የቀረው ጋዝ ጥቂት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሲኞር ናንዶ ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። አንድ መኪናና አንድ ረዳት ይዞ በሳምንት ከአንድ ቤት በላይ ታንከር መቀየር አይችልም። «ማን እንደሚቀድም እናንተው ጨርሱ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» አለ።

«ምን ያስቸግራል» አሉ እትዬ ለተ። «እንደ እቁብ ዕጣ እናወጣለን።»

እቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ዳኛው ይጠይቃል። የቸገረው ካለ ተናግሮ ይወስዳል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እትዬ ለተም ዳኛ ሆነው፣ ዐይን ዐይናችንን እያዩ፣ «ታንከሩ ባዶ የሆነበት፣ የጨነቀው አለ? ካለ አሁን ይናገር» አሉ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «ለካ ለራሷ ብላ ነው የሰበሰበችን» የሚሉኝ መሰለኝ። ጭራሽ የማላውቃቸው ይመስል፣ ብርድ ስለማይችለው ስለ ሲኞራ ኤልቪራ ደረት አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጽጌ የሱፍ ቆቧን አውልቃ ስማችን የተጻፈበትን ብጥስጣሽ ወረቀት በተነችበትና ዕጣው ወጣ። የመጀመሪያው ለጽጌ ደረሰ። እትዬ ለተ አምስተኛ ሆኑ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

«ሊቀመንበር መጨረሻ ሲሆን ዛሬ ገና አየሁ» አለች ጽጌ። «የአገራችንን ሁሌ መጀመሪያ ነው የማውቃቸው።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሳስታውስ የማየው ያችን መርፌ ነው። ታንከሩ አናት ላይ ክዳን አለ፤ ሲከፈት እንደ ሰዓት ያለ ነገር ላይ ጋዙ የት እንደደረሰ የምታሳይ መርፌ ትታያለች። ጠዋት ጠዋት ቀድሜ የማያት እሷን ነው። ባየኋት ቁጥር ወርዳለች። ከሲኞራ መኝታ ቤትና ከወጥ ቤቱ በቀር ማሞቂያውን ሁሉ ዘጋሁ። እኔ ካፖርቴን ለብሼ፣ ጋቢዬን ደርቤ መተኛት ያዝኩ። ገላዬን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። መርፌዋ ግን ስለ እኔ ቁጠባ አልሰማችም።

ሲኞራ አያጉረመርሙም። «ልጄ፣ ዘንድሮ ብርዱ ቀደመ» ይላሉ፣ ሻላቸውን ሳብ እያደረጉ። ከዚያ ሳል ይጀምራቸዋል። ሳላቸውን ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ እጄ ሥራ ይፈታል።

በመሀል ሲኞር ፓኦሎ ደወለ። መነኮሳቱ ጋ ክፍል ተገኝቷል። «እሑድ መጥቼ ቤቱን አየዋለሁ። ከቀዘቀዘ እማማን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ስለ እኔ ምንም አላለም። መናገሩም አላስፈለገውም።

ሐሙስ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሆን ብዬ እትዬ ለተ አጠገብ ተቀመጥኩ። የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ተራው የእሳቸው ነበር። ልለምናቸው ወስኛለሁ።

«ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴማ እንደ ጣልያን መንግሥት ነው። ቆመ ስትዪው ይወድቃል።»

ሳቅሁ። ስለ ጉልበታቸው ጥቂት አወራን። በራቸው ደረሰና ወረዱ። እኔ በመስኮቱ በኩል እጄን አውለበለብኩላቸው።

ዓርብ ጠዋት ማሞቂያው ጸጥ አለ። ወደ ታንከሩ ሮጥኩ፤ መርፌዋ ተኝታለች። ምድጃውን ሞከርኩ፣ አልነድ አለ። የሳሎኑን የእንጨት ማንደጃ ለኮስኩ፤ ጢሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ የሲኞራን ሳል ስላባሰው አጠፋሁት። አልጋቸው ውስጥ አስገብቼ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረብኩባቸው። እጃቸውን ብይዘው እንደ ውጭው ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ሻይ ቢኖር» አሉ ቀስ ብለው።

ፔርሙዝ ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን ቁልቁል ስወርድ የምናገረውን በልቤ ሳዘጋጅ ነበር። የእትዬ ለተ ሲኞራ ቁጡ ናቸው ስለሚባል በጓሮ ዞሬ የወጥ ቤቱን በር አንኳኳሁ። እትዬ ለተ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ከፈቱልኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ትንሽ ሙቅ ውሃ ፈልጌ ነበር።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ የወጣልኝ ይህ ነው። እሳቸው ፔርሙዙን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት።

«ሙቅ ውሃ» አሉ። «ያን የሚያህል ቤት ሙቅ ውሃ አጣ?»

እጄ ላይ የቀረውን የፔርሙዙን ክዳን ማዟዟር ያዝኩ።

«መቼ አለቀ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«የጨነቀው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይሄን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?»

«አላስተማሩኝም» አልኩ፣ እና እንባዬ መጣ። ያኔ የቀረውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ እሑድ፣ ስለ መነኮሳቱ፣ ስለ ፔርሜሶዬ። አላባበሉኝም። ፔርሙዙን ሞሉልኝ፣ ትኩስ ሾርባ በድስት ሰጡኝ። «በይ ሂጂ፣ አሮጊቷን አጠጪ» ብለው በሩን ዘጉ። ስለ ተራው አንድም ቃል አልተናገሩም። ተቆጥተውኛል ብዬ ወጣሁ።

ያን ሌሊት ሲኞራ አጠገብ ተቀምጬ አደርኩ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከታች የቦቴው ድምፅ ተሰማ። ወደ እነ እትዬ ለተ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ መስኮቱ ጋ የቆምኩት ሲቆም ልሰማ ብዬ ነው። መኪናው በራቸው ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ፤ ከዚያ ማርሽ ቀይሮ እያጓራ ወደ ላይ ቀጠለ። ለማመን የቻልኩት ሲኞር ናንዶ በራችን ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ነው።

«የታችኛዋ ሴትዮ ወደ ላይ ውጣ አለችኝ» አለ። «የድሮውን ድርጅትም በጠዋት ደውላ ጠርታዋለች። ይመጣሉ። አሎራ፣ እንግዲህ ታንከሩ የት ነው የሚቀመጠው?»

ከሰዓት በኋላ ማሞቂያው ተነሣ። ብረቶቹ ሲሞቁ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አዳመጥኳቸው። እሑድ ሲኞር ፓኦሎ ገባ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ብረት በመዳፉ ነካው፤ ኮቱን አወለቀ። ምሳውን በልቶ መነኮሳቱ ጋ ደወለና ክፍሉ እንደማያስፈልግ ነገራቸው። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እትዬ ለተ አልመጡም። አመማቸው ወይ ብዬ ጽጌን ጠየቅኋት።

«አልሰማሽም?» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ። «ሲኞራዋ ማን አዞሽ ነው ተራዬን የሰጠሽው ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። መኪናው ተበላሽቶ ነው ይበሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። እኔ ነኝ የሰጠሁት አሉ። እስከ ፈረንጆች ገና ድረስ ሐሙስ ከቤት እንዳይወጡ ከለከለቻቸው።»

ሐሙስ ለእኛ ምን እንደሆነ ሰው ቤት ያላደረ ላይገባው ይችላል። የአገር ቋንቋ የምንሰማበት፣ ደብዳቤ የምንቀባበልበት፣ እገሌ ታሰረ፣ እገሊት ተፈታች የምንባባልበት ቀን ነው። የእትዬ ለተ ወንድም ልጅ ከአሥመራ ወጥቶ ሱዳን መድረሱን ወይም አለመድረሱን የሚሰሙት ሐሙስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሮም መውረዴን ተውኩ። በጓሮ በር ገብቼ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ጽጌ እሑድ እሑድ የምትነግረኝን ወሬ አቀብላቸዋለሁ። ሲኞራቸው አንድ ቀን ብቅ ብለው አዩኝና የምሠራውን ሲያዩ ሳይከለክሉኝ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ላመሰግናቸው ቃላት አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። ገና ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተይው። ሁለተኛ ግን ጋዝ ሲያልቅብሽ ፔርሙዝ ይዘሽ እንዳትመጪ። ጋዝ አለቀብኝ ብለሽ ነይ።»

ሲኞራ ኤልቪራ ዛሬም ቤታቸው ናቸው። ፔርሜሶዬ ታድሷል። ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው መጨረሻው ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ቸርነት የተደረገለት ሰው ይቀልለዋል ሲባል አይገባኝም። እኔን ከብዶኛል። ያን የብርድ ወራት የሞቅሁት በሌላ ሴት ሐሙስ ነው።