ሞላ እስኪመለስ

ልጅ እያለሁ እናቴ የዕለቱ ምዕራፍ ሳይነበብላት እህል አትቀምስም ነበር። ታላቅ ወንድሜን ሞላን ከላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ሲወስዱት የተሳለችው ስለት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፣ ልጇም ይመለሳል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ።

የሟች አባቴ መጽሐፍ ጧፍና እርጥበት ይሸታል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ብርዱ ከድንጋዩ ግድግዳ ሳይለቅ፣ በሩ ሥር ተቀምጬ አነብ ነበር። ትምህርት ቤት እግዚአብሔር የለም ስለሚሉን፣ ዓይናፋርም ስለነበርኩ፣ ድምፄን እሰርቃለሁ። “አውጪው እንጂ! ለእኔ መሰለሽ የምታነቢው?” ትለኛለች። ሳላነብ ከዋልኩ ጦሟን ስለምታድር፣ ትኩሳት ይዞኝም አነብ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው “ምነው፣ ልጅቱን ልታቀስሻት ነው?” ሲሉ፣ እናቴ “ያንቺ ልጅ ከቤትሽ ነው፤ ሳቂ” አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልሳቁም።

ዜና መዋዕል ላይ ስንደርስ ደከመኝ። “እማዬ፣ ይኼ ስም ብቻ ነው፤ ልለፈው?”

“እናት ያወጣችውን ስም? አንዱንም እንዳታልፊ!”

ከዓመታት በኋላ ራእይን የጨረስን ዕለት ቤቱን ጠርጋ፣ አጎዛ አንጥፋ፣ ደጃፍ ተቀመጠች። በመንገዱ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች። ከብቶቹ ገቡ፤ የጎረቤት በር ሁሉ ተዘጋ። እኔ አንድ ቃል ስቼ ይሆን ወንድሜን ያስቀረሁት እያልኩ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አኖረችው። “ከመጀመሪያው።”

“ጨርሰነው የለ እማዬ?”

“እሱ መቼ መጣ?”

ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩም ተበተነ። ስለ ሞላ የሰማነው የለም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተማ እሠራለሁ። ማንበቡ አልለቀቀኝም፤ ግን በኤሌክትሪክ መብራት፣ ለብቻዬ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ነው። በንባቤ የምለምነው ነገር ስለሌለኝ ይሆናል የሚቀለኝ። ለእናቴ አሁን የጎረቤት ልጅ ታነብላታለች። ለገና ስሄድ የልጅቷን ድምፅ ከውጭ እሰማለሁ። በሩን ስገፋው ንባቡ ይቋረጣል፤ የእናቴ ፊት ቦግ ይላል። ከዚያ እኔ መሆኔን ታያለች።