ጓያ የሰበረኝ ሳምንት

ቀኝ እግሬ ጫማ መያዝ ያቃተው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤታችን ዱዓ አስደርጋ ነበር። ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ስልኳ ከተዘጋ አሥር ቀን አልፎ፣ እናት ሆዷ አልችል ቢላት ሰፈሩን ጠራች። መካነ ሰላም ደግሞ ለዱዓ ተጠርቶ የሚቀር ሰው የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ አሚን ሲል ዋለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልጅቱ ደወለች፤ ስልኳ ተበላሽቶባት ኖሯል። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔም እልል እያልኩ ልነሳ ስል ቀኝ እግሬ አብሮኝ አልተነሳም።

ሳቅኩ። ብዙ ሰዓት ከምንጣፍ ላይ የዋለ ሁሉ እግሩ ይደነዝዛል። ትንሽ አነከስኩ፣ መርፌ መርፌ ማለቱም አለፈ። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ግን ነጠላ ጫማዬ እግሬ ላይ የለም፤ ዞር ብዬ ባይ መንገዱ መሃል ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። መልሼ አጠለቅኩት፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ደግሞ ወለቀ። ጣቶቼን ቀና በሉ ብላቸው አይሰሙኝም። በማግስቱ ጠዋትም ያው ነው። ስራመድ እግሬ ወለሉን ጧ ያደርገዋል። ባለቤቴ፣ እኔ ባዮሎጂ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ሰው፣ ከአልጋው ሳይነሳ «ማነው በጠዋት ሰልፍ የሚያሠለጥን?» አለኝ። እሱ የማይቀልድበት ነገር የለም።

እኔን ግን ቀልድ አልያዘኝም፤ ወዲያው የታዩኝ አጎቴ ናቸውና።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አቀስታ አጠገብ፣ በብርዱ አገር፣ ገብስና አተር ያሳርሳሉ። ራሳቸው እንዳያርሱ ሁለቱንም እግራቸውን በወጣትነታቸው፣ በክፉ ዘመን፣ ጓያ ሰብሯቸዋል። ጓያ አተር የሚመስል እህል ነው፤ ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ እሱ አይከዳም። ውለታውን ግን ከእግር ይቀበላል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው አንድ ቀን ከመኝታው ሲነሳ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። አጎቴ በሁለት ዱላ፣ በጣታቸው ጫፍ፣ ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ ይሄዳሉ። ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት እሳቸው ቤት ሆኜ ነው። ጠዋት ጠዋት እስከ ዋናው መንገድ ይሸኙኝ ነበር። ባለቤቴ «እንዳንቺ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው አላየሁም» ይለኛል። መራመድ የለመድኩት ከእሳቸው ጎን ነው።

በእኛ አገር ጓያ ማሳ ውስጥ አይታለፍም፤ ሲቀቀል እንፋሎቱ አጠገብ አይቆምም፤ ገለባው ላይ አይተኛም። እናቴ ይህን ሁሉ ከፊደል በፊት አስተምራኛለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ደግሞ እንፋሎቱም ገለባውም ምንም እንደማያደርግ፣ ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ቢበላ ሰው እንደማይሰብር ተማርኩ፤ ለተማሪዎቼም አስተማርኩ። ዕውቀቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ እንጂ እግሬ ድረስ አልወረደም።

ያን ሰሞን አዲስ ሽሮ ከፍቼ ነበር። በየዓመቱ ከአጎቴ ቤት የሚላክልኝ ነው፤ አተሩ ከማሳቸው፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ፣ በማዳበሪያ ተቋጥሮ በሚኒባስ አናት ላይ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእሱ በቀር ወጥ አልሠራሁም። አርብ ምሳ ላይ ስቀምሰው መረረኝ። «አይመርህም?» አልኩት ባለቤቴን። «አንቺ ስታዪኝ ነው የሚመረኝ» አለና እንጀራውን ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ የእሱን እግር መጠበቅ ጀመርኩ። ከቤት ሲወጣ በመስኮት እከተለዋለሁ። ትንሽ ቢያነክስ ኖሮ ነገሩ ይገለጥልኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያነክስ ተመኝቻለሁ። እሱ ግን እንደ ፍየል ድንጋዩን እየዘለለ ይሄዳል።

ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። መጀመሪያ የአንጎል ደም መፍሰስ ነው አለ፤ ቀጥሎ የጀርባ እጢ አለ፤ በመጨረሻም ነርቭ በነርቭ እየሞተ ሄዶ ሄዶ መተንፈስ የሚከለክል በሽታ አወጣልኝ። እያነበብኩ ሳለ ምልክቱ ሁሉ ሰውነቴ ላይ ይበቅላል። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ራደች። ዓይኔ ሥር ያለው ሥጋ ዘለለ። የነርቭን ሥርዓት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስዬ የማስረዳዋ መምህርት፣ እሱን ሁሉ ረስቼ ጣቴን ስቆጥር ዋልኩ።

ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ጉልበቴን መታ መታ አደረገና «አንድ ነርቭ የተጫነ ይመስለኛል፤ ሳምንት እንየው፤ ካልተሻለሽ ደሴ እንጽፍልሻለን» አለኝ። የፊተኛውን አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ደሴን ብቻ ነው። እኛ ጋ ደሴ የተጻፈለት ሰው ዘመድ ይሰበሰብለታል። ቤቴ ስገባ ሽሮውን ከነማዳበሪያው ጎትቼ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። እውነቱን ለመናገር ሞትን አልነበረም የፈራሁት። የፈራሁት ሁለቱን ዱላ ነው። በሠላሳ ዓመቴ፣ ልጅ እንኳ ሳልወልድ፣ ሰሌዳ ፊት በዱላ ቆሜ ታየኝ።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለአጎቴ ደወለ። «ሐኪሙን ካላመንሽ የበሽታውን ባለቤት እመኚ» አለኝ።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«ጓያ ሰበረኝ ብላ ተቀምጣለች፤ ሽሮውን ነው የጠረጠረችው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ወዲያው ስልኩ ተዘጋ።»

ሰኞ ቀትር ላይ ደጃፋችን አንድ ባጃጅ ቆመ። አጎቴ ከአቀስታ ከወጡ ዓመታት አልፏቸዋል፤ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰው ደግፎ ማንሳት አለበት። ለሰላምታ ሲሆን የቤቱን ድመት ደኅንነት ሳይቀር የሚጠይቁ ሰው፣ ያን ቀን ሰላም እንኳ አላሉኝም። በሩ ላይ በሁለቱ ዱላቸው ተደግፈው ቆሙና «እስቲ ሂጂ» አሉኝ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፤ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ።»

«ሂጂ አልኩሽ። እስከ ግድግዳው ሂጂና ተመለሺ።»

ሄድኩ፤ ተመለስኩ። እግሬ ጧ አለ። ዓይናቸው ከእግሬ አልተነቀለም። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ግራሽስ?»

«ግራዬ ደኅና ነው።»

«ተረከዝሽ መሬት ይነካል?»

«ይነካል ጋሼ። ጣቴ ነው አልነሳ ያለኝ።»

መደቡ ላይ አስቀመጡኝና ባቴን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። «ይሄ ላልቷል» አሉ። «ጓያ አያላላም፤ ያደርቃል። ደግሞም አንዱን ወስዶ አንዱን አይምርም።» ከዚያ እጄን ያዙና የራሳቸው እግር ላይ አኖሩት። «ይኸው፣ እወቂው።» እንደ ሳንቃ የጠነከረ ነው። አራት ዓመት እሳቸው ቤት ኖሬ፣ ልብሳቸውን አጥቤ፣ ውሃ አቅርቤ፣ ያን እግር አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር። እጄን ቶሎ ማንሳት አፈርኩ፤ ማቆየቱም ከበደኝ።

«ሐሙስ የት ነበር የዋልሽ?» አሉኝ።

«ዱዓ ቤት።»

«እንዴት ብለሽ ተቀምጠሽ?»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ቀኝ እግሬን አጥፌ ነበር የተቀመጥኩት። የጎረቤታችን አሮጊት እናት አጠገቤ ነበሩ፤ ዱዓው ሲረዝም እንቅልፍ ጣላቸውና ጉልበቴን ተንተርሰው ተኙ። ልቀሰቅሳቸው አፈርኩ፤ ለልጅ ልጃቸው ሲያለቅሱ የሰነበቱ ሴት ናቸው። ከምሳ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እንዳጠፍኩት ዋልኩ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። «ጓያ አይደለም፤ አሮጊት ናት የሰበረችሽ። አብሽሪ፣ ይመለሳል።» ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ።

እኔም ልስቅ ነበር። «በይ ሽሮውን አምጪልኝ» አሉ።

«ደፋሁት» አልኳቸው። «አፉ በሉኝ ጋሼ። ቅዳሜ ነው የደፋሁት።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡም ይገባኛል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስትደፊው ያየሽበት ነገር ነበር?» አሉኝ።

«ምን ልይበት ጋሼ፣ ዱቄት አይደል?»

«እሱማ ነው» አሉ። መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት። «አተሩን በየዓመቱ እኔ ነኝ የምለቅመው። ለሴቶቹም አልተውም፣ ለማንም አልሰጥ። ፀሐይ ላይ እቀመጥና ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ አንድ ፍሬ ነው የማየው። ጓያ ማዕዘን አለው፤ እጄ ያውቀዋል። ዘንድሮ ግን ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ለሰው አልተናገርኩም። ባልሽ ሲደውልልኝ፣ አለቀ፣ አምልጦኛል አልኩ። ከአቀስታ እስከዚህ ድረስ፣ በገዛ እጄ ሰበርኳት፣ በገዛ እጄ ሰበርኳት እያልኩ ነው የመጣሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጓደኞቼ የሚሻሙት፣ ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስገባ የተከተለኝ፣ በየዓመቱ «ደርሷል» ብዬ ብቻ የምቀበለው ሽሮ፣ አተሩ በሙሉ በእነዚያ ጣቶች ሥር አልፎ እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና አለቀስኩ። «አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ፤ ተነሺ፣ እግርሽን አትጠፊው» ይላሉ።

ጣቶቼ ሲነሱ ሳያዩ አልሄድም ብለው እኛ ቤት ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ሆነው «እስቲ» ይሉኛል፤ እኔም አሳያቸዋለሁ። ሐሙስ ትልቁ ጣቴ ቀና አለ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ጫማዬ ከእግሬ አልወለቀም። እሑድ ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ ወስዶ አሳፈራቸው።

ወር ሳይሞላ ከአቀስታ ማዳበሪያ መጣልኝ። ስፈታው ዱቄት አይደለም፤ ያልተቆላ፣ ያልተከካ አተር ነው። ደወልኩላቸው። «አላስፈጨሁትም» አሉኝ። «አንቺም ዓይንሽን ጨምሪበት ብዬ ነው።» ቅዳሜና እሑድ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ አንድ ፍሬ አየሁት። ጓያ ቀርቶ ጠጠር አላገኘሁበትም። መልሼ ደወልኩና ነገርኳቸው።

«እስከ ታች ድረስ አይተሽዋል?» አሉኝ።

«እስከ ታች ድረስ ጋሼ።»

«እንግዲያ ብዪው» አሉኝ።