ሪሞቱን የያዘው ሰውዬ

አስተማሪዋ ሰውዬውን ገና ስታየው ነው የጠላችው። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው መጠበቂያ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንደ አባቱ ርስት ጨብጦ ተቀምጧል። ሽክ ያለ ኮት ለብሷል፤ እግሩ ላይ ያሉት ነጠላ ጫማዎች ግን አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነው። እናቷ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ በሕይወትና በሞት መካከል ሆና፣ እሱ የኮሜዲ ፊልም ከፍቶ ይንከተከታል። ፊልሙን በቃሉ ሳያውቀው አልቀረም፤ የሚስቀው ወፍራሙ ሙሽራ ኬኩ ላይ ከመውደቁ በፊት ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው ጭንቅ ላይ ነው። ቢቀንሱት ምናለ?» አለችው።

«እኔስ ለሽርሽር የመጣሁ መሰለሽ?» ብሎ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው።

ደሟ ፈላ። ተነስታ ቴሌቪዥኑ ላይ ራሷ ጣቢያውን ቀየረችው። እዚያ ለትልቅ ሽልማት የታጨ፣ እሷም የምታደንቀው ፊልም እየታየ ነበር፤ አንዲት ሴት ትንፍሽ ሳትል የልጇን ባዶ አልጋ ታነጥፋለች።

«መልሺው!» ብሎ አምባረቀባት።

«ይሄ እኮ ቁም ነገር ያለው ፊልም ነው!»

«ይሸልሙት! ከፈለጉ ወርቅ ይቀቡት! የእኔ ቁም ነገር እዚያ በር ውስጥ ተኝታለች።»

በዓይኑ ሊበላት ደርሶ ሙሽራውን መለሰው። እሷም ፊቷን አዞረችበት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ነርሷ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

«የሕፃኗ አባት?»

ሰውዬው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። «ትንሽ ቆዪ፣ እህቴ፤ ሊያልቅ ነው» አላት።

አስተማሪዋ ጥላቻዋ ገና አልበረደላትም፤ ግን ፊልሙ እንዳያልቅ ተመኘች።