የጀርመንኛው ካርቶን

ክፍሏን መጀመሪያ ሳያት ሰው የሚተኛባት አልመሰለችኝም። አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ መዳፍ የምታክል መስኮት። ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ በሩ ሥር ቦታ ሲያሳየኝ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው "ወዲህ ጠጋ በል ልጄ፣ እዚያ ብርድ ነው" አሉኝ።

ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ መምህር ነበሩ። ቀኑ አልገፋ ሲለን በየቀኑ አንድ የጀርመን ቃል ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን "ቢተ" አሉን።

"እባክህ ማለት ነው። ሰው ሲያመሰግንህም ምንም አይደል ለማለት ቢተ ነው። ዳቦ ስትሰጠው፣ እንካ ለማለትም ቢተ። ሥሩ መለመን ነው፤ ጸሎት የሚሉበት ቃልም ከዚያው የወጣ ነው።"

"አይ ጀርመኖች! ቃልም ይቆጥባሉ እንዴ?" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ ደግሞ ካልጻፍኩ አይገባኝም። መጻፍ ክልክል ነው፤ እሳቸውም "በጭንቅላትህ ያዘው" ብለውኛል። ምን ሰምቼ! በጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ ሁሉንም ጻፍኩና ከመምህሩ ጋር ከምንጋራው ፍራሽ ሥር ሸጎጥኩት።

በማግስቱ ፍተሻ መጣ። ፖሊሱ ካርቶኑን አገላብጦ "ይሄ የምን ኮድ ነው? የማን ነው?" አለ። ምላሴ ተያዘ እንዳልል አልተያዘም። ፈራሁ። መምህሩ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

"የኔ ነው" አሉ።

አራት ቀን ጨለማ ቤት አቆዩአቸው። ሲመለሱ ግድግዳ ተደግፈው ነው የገቡት። እኔ ፊታቸውን ላለማየት ሸሚዜን አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ውኃ ጠጡ፣ ፂማቸውን በጣታቸው አበጠሩና "በሉ እንግዲህ፣ የት ላይ ነበር ያቆምነው?" አሉ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ሳስበው አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል።

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ ሴት ልጃቸው ፈልጋ አገኘችኝ። እኔ ዛሬ በምኖርበት በዚሁ በሎስ አንጀለስ ያደገች ነርስ ናት። ፌርፋክስ ጎዳና አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀመጥን።

"ሶ፣ አባዬ ጨለማ ቤት የገባው ምን አድርጎ ነው? እማዬ አታውቅም። አንተ አብረኸው ነበርክ አይደል?"

አላስታውስም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

"ምንም አላደረጉም። እኔ ጀርመንኛ የጻፍኩበት ካርቶን ሲያዝ እሳቸው የኔ ነው አሉ። እኔ ዝም አልኩ።"

እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች።

"ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?"

"ሠላሳ አራት።"

"ልጅ አልነበርክማ።"

"አልነበርኩም" አልኳት።

ስለዚያ ክፍል ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የማወራው የፖሊሶቹን ክፋት ነው። ክፋታቸው እውነት ነው። የራሴን የተናገርኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ተጠይቄ።