ከኋላ የሚመራው ጃለታ

ፍራሽ የሞላበትን መጋዘን፣ ፍራሹ ሳይወጣ ልከራይ የሚል ሰው ሲመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው። እኔም ጠረጠርሁ። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው መጋዘኔ፣ ለሽያጭ ያዘጋጀሁት የጥጥ ፍራሽ በአራቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጃለታ የተባለው፣ አርባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው፣ መሐል ቆሞ አጨበጨበና ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ።

«ግሩም ነው ጋሼ ደግፌ! ድምፁን ዋጥ አደረገው።»

«ማን እንዳይሰማህ ነው?» አልሁት።

ሳቀ። «እንዲሰሙኝማ ነው እንጂ! ሙዚቃ ልንቀርጽ ነው። ፍራሹ የገደል ማሚቶውን ያጠፋልናል።»

መታወቂያውን ተቀብዬ፣ ስለ እርሱም ሰው ጠየቅሁ። አስኮ ተወልዶ ያደገ ነው። ድራም መምታት የተማረው በሰፈሩ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራን ጀርባ ተቀምጦ ነው። ካደገ በኋላ ቅዳሜ በሠርግ አዳራሽ ሕዝብ ሲያስጨፍር፣ በአዘቦት ምሽት በሆቴል ጃዝ ሲጫወት፣ እሑድ ወደ መዝሙሩ ሲመለስ ኖሯል። በብዙ ድምፃውያን አልበም ውስጥ እጁ አለበት፤ ስሙን የሚያውቅ አድማጭ ግን አላገኘሁም። አሁን ከራሱ ባንድ ጋር፣ በራሱ ስም፣ የመጀመሪያ አልበሙን ሊያወጣ ነው።

«ዘፋኛችሁ ማን ነው?» ስል ጠየቅሁት።

«ዘፋኝ የለንም።»

«ታዲያ ማን ይመራችኋል?»

«እኔ ነኛ!»

ከሁሉም ኋላ የሚቀመጥ፣ አፉንም የማይከፍት ሰው እንዴት መሪ እንደሚሆን አልገባኝም። ቢሆንም አከራየሁት፤ በቀረጻው ዕለት ግን፣ ንብረቴን ልጠብቅ ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ሁሉም ማዳመጫ አጠለቁ። በማዳመጫው ውስጥ ፍጥነታቸውን የሚያስጠብቅ የማሽን ምት እንደሚሰማ ነገሩኝ። ደጋግመው ጀመሩ፤ ድምፅ ቀራጩ ሰብስቤም ደጋግሞ አስቆማቸው።

«ጃሌ፣ መሐል ላይ ትሮጣለህ፣ ከምቱ ትወጣለህ» አለው። «ድራሙን በማሽን ልተካው፤ እነሱ በላዩ ይጫወቱ። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለኋ!»

«ስምህ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ምን ጎደለብህ?»

ጃለታ የመምቻ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ ባንዱ አዞረ።

«በራሴ አልበም ላይ ማሽን ከሚመታልኝ ባይወጣ ይሻለኛል። ግን የሁላችንም ድካም ነው። ምን ትላላችሁ?»

ሳክስፎን የያዘው ሰው አቀረቀረ። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሜቲ ግን ተቆጣች።

«ማሽኑ ትከሻ አለው?»

«የምን ትከሻ?» አለ ሰብስቤ።

«እሱ ምቱን ሊለውጥ ሲል ግራ ትከሻውን ነው የማየው። የማሽኑን ምኑን ልይ? ገመዱን?»

ሰብስቤ ራሱ ሳይወድ ሳቀ። ጃለታ ግን ትከሻውን ዞር ብሎ ተመለከተው፤ ይህን ስለ ራሱ የማያውቅ ይመስል ነበር።

«የማሽኑን ምት ከጆሯችን አጥፋልን» አለ። «አንዴ ብቻ። ካልሆነ ያልከውን አድርግ።»

አጠፋላቸው። እኔም ትንፋሼን ውጬ ያንን ትከሻ ብቻ ተከታተልሁ። ዜማው በዝግታ ተነሣ። መሐል ላይ ትከሻው በጥቂቱ ከፍ አለ፤ እንጨቱ ገና ሳይወርድ የሜቲ ጣቶች ፈጠኑ፤ ሳክስፎኑም ተከተለ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሆኖም አብረው ሮጡ፤ አገጩን ዝቅ ሲያደርግም አብረው ጸጥ አሉ።

ሰብስቤ የተቀረጸውን መልሶ አሰማ።

«አሁንም ሮጠሃል።»

«ሮጫለሁ» አለ ጃለታ። «ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይሰማሃል?»

ሰብስቤ እንደገና ከመጀመሪያው አዳመጠ። እኔም አንገቴን አሰገግሁ፤ ወደ ኋላ የቀረውን ፈልጌ አጣሁ።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ይቀመጥ። ቀጣዩን ጀምሩ።»

«ጃሌ» አለች ሜቲ ጣቶቿን እያራገፈች፣ «ይሄኛው ላይ ግን እባክህ በእግር እንሂድ!»